የመጨረሻውን ቃል ለጋሼ ተዪለት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ። የተከፈተው ለአያታችን ልደት ነበር፤ አሁን ግን ፖለቲካ ብቻ ሆኗል። አዲስ አበባ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር በየቀኑ እንጨቃጨቃለን። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጋሼ እያልኩት ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት እጄን ይዞ የወሰደኝ እሱ ነው። አሁን ‹አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ› ይለኛል፤ እኔም ዝም አልለውም። ባለፈው ሳምንት የማይባል ነገር ተባባልን። ማቆም እፈልጋለሁ። ዝም ካልኩ ተሸነፈች ይባላል። ከግሩፑ ከወጣሁ አኮረፈች ተብሎ እናቴ ጆሮ ይደርሳል። በክብር የምወጣው እንዴት ነው? እባክዎ ይርዱኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጭንቀትሽን ላቅልልሽ። ከግሩፑ መውጣት የለብሽም። ከጋሼም ጋር መቆራረጥ የለብሽም። መውጣት ያለብሽ ከክርክሩ ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልግሽ አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከባድ ነው። የመጨረሻውን ቃል እሱ እንዲናገር መፍቀድ አለብሽ።

በምክር ሥራዬ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ባልና ሚስት፣ እህትማማቾች፣ አብሮ አደጎች። ብዙዎቹ ለማቆም ሞክረዋል። ያልሆነላቸው ግን ማቆም የሚፈልጉት የራሳቸው መልስ ከታች ሆኖ እንዲቀር ስለሆነ ነው። ሌላኛውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለቱም የመጨረሻውን ቃል ከፈለጉት ክርክሩ መጨረሻ የለውም።

ነገሩን ያከበደው ተመልካች መኖሩ ነው። አንቺና ጋሼ ብቻችሁን ቡና እየጠጣችሁ ብትከራከሩ አንዳችሁ «በቃ ተይው» ብላችሁ ወሬ ትቀይሩ ነበር። ግሩፑ ላይ ግን አክስት አለች፣ አጎት አለ፣ የአክስት ልጆች አሉ። እሱ ታላቅ ነው። በሰው ፊት በታናሽ እህቱ መረታት ይከብደዋል። አንቺም በሰው ፊት «ምን ታውቂያለሽ» ተብለሽ ዝም ማለት ይከብድሻል። ስለዚህ ሁለታችሁም የምትጽፉት አንዳችሁ ለሌላችሁ አይደለም፤ ለተመልካቹ ነው። ሰው እንዲህ ባለ ተመልካች ፊት ሐሳቡን አይቀይርም። ልቀይር ቢል እንኳ ክብሩ አይፈቅድለትም።

የአገራችን ሽማግሌዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። የተጣላ ሲያስታርቁ አንዱን ለብቻው ያናግሩታል። ከዚያ ሌላውን። የከረረውን ቃል እነሱ ጋ ያስቀሩታል፤ ለሌላው የሚያደርሱት ሊሰማው የሚችለውን ያህል ነው። ፊት ለፊት የሚያገናኟቸው ነገሩ በረድ ካለ በኋላ ነው። ግሩፕ ላይ ይህ ሁሉ የለም። የከረረው ቃል እንደወጣ፣ ለሁሉም፣ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ተጽፎም ይቀመጣል። ከሳምንት በኋላ ወደ ላይ እየተመለሱ ያነቡታል።

«ተሸነፈች ይባላል» ብለሻል። ማን ነው የሚለው? ግሩፑን ክፈቺና በዚህ ክርክር ላይ ስንት ዘመድ እንደጻፈ እዪ። አንቺ፣ ጋሼ፣ ምናልባት ሌላ ሁለት ሰው። የቀሩት ዝም ብለዋል። ከእነሱ ጥቂቶቹ ውጤት ይቆጥሩ ይሆናል። ብዙዎቹ ግን ድምፁን ዘግተውታል። አንዳንዶቹ የሕፃን ፎቶ መለጠፍ አምሯቸው፣ በጭቅጭቁ መሀል ማስገባት አሳፍሯቸው ትተውታል። አንቺ ስታቆሚ እነዚህ ሰዎች እፎይ ይላሉ እንጂ ነጥብ አይመዘግቡም።

አሁን ወደ ጽሑፉ ጠባይ ልምጣ፤ ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች በኢሜይል የምር ወይም የሽሙጥ ዓረፍተ ነገር እንዲላላኩ አደረገ። ላኪዎቹ ከላክነው ውስጥ 78 ከመቶ ያህሉ በትክክል ይገባልናል ብለው ገምተው ነበር። ተቀባዮቹ የለዩት 56 ከመቶውን ነው። ዝም ብሎ ቢገመት እንኳ ግማሹ ይገኛል። አንቺ በአክብሮት «እሺ ጋሼ» ብለሽ የጻፍሽው እሱ ጋ ሲደርስ ሹፈት ሊሆን ይችላል። የእሱ «ምን ታውቂያለሽ» ደግሞ ምናልባት ድካም ነበር፤ አንቺ ግን ንቀት ብለሽ አነበብሽው።

ሌላም አለ። ተመራማሪዎቹ ጁሊያና ሽሮደር፣ ማይክል ካርዳስ እና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የማይስማሙበትን የፖለቲካ ሐሳብ አንዳንዶቹ በድምፅ እንዲሰሙ፣ ሌሎቹ በጽሑፍ እንዲያነቡ አደረጉ። ቃሉ ያው ነው። ድምፁን የሰሙት ተናጋሪውን የሚያስብ፣ የሚመዝን ሰው አድርገው አዩት። ያነበቡት ደግሞ ያንኑ ሰው ብዙም የማያስብ አድርገው ገመቱት። ይህን ውጤት ለደንበኞቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ከክርክሩ የምትወጪበት በር ያለው እዚህ ነው። ስልክ ትደውያለሽ። መቼና እንዴት እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ሰዓቱንም አስቢበት። እናንተ ጋ ሰዓት ሲቀያየር በእናንተና በአዲስ አበባ መካከል 7 ወይም 8 ሰዓት ልዩነት አለ። አንቺ ከሥራ ገብተሽ፣ እግርሽ ዝሎ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ትጽፊያለሽ። እሱ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ያነበዋል። አንዱ ደክሞት ይጽፋል፤ ሌላው ተናዶ ቀኑን ይጀምራል። ማታ እሱ ደክሞት ሲመልስ ደግሞ አንቺ በሥራ መሀል ታነቢዋለሽ። እንዲህ እየተቀባበላችሁ ሁለታችሁም ያረፈ አእምሮ ይዛችሁ የተገናኛችሁበት ሰዓት የለም። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ ሰው የሌላውን ነገር በትክክል መስማት ያቅተዋል ይላሉ። ቢያንስ 20 ደቂቃ ዕረፍት ያስፈልጋል። ስለዚህ የመውጫ መልእክትሽን በምንም ዓይነት ማታ አትላኪ። ተኝተሽ ተነሥተሽ፣ የዕረፍት ቀንሽ ላይ፣ ከቁርስ በኋላ ላኪው።

መልእክቱ ምን ይላል? መጀመሪያ የማይለውን ልንገርሽ። ብዙ ሰው የወጣ መስሎት በሩን ገንጥሎ የሚሄድባቸው ቃላት አሉ። «ከአንተ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው» ማለት መውጣት አይደለም፤ ስድብ ነው። «እውነቱን ጊዜ ያወጣዋል» ማለት ክርክሩን ወደፊት ማሻገር ነው። «በቃ ይሁንልህ» ኩርፊያ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ «እግዜር ልቦና ይስጥህ» የሚለው ነው። በአፍ ሲነገር ምርቃት ይመስላል። በክርክር መጨረሻ ሲጻፍ ግን «ልቦና የለህም» ማለት ነው፤ ያውም የእግዚአብሔር ስም ተጠርቶበት። ታላቅ ወንድም ይህን ከታናሹ ከተቀበለ ሳምንት አያልፈውም፤ ወር ይይዘዋል። «አንተም ካቆምክ እኔ አቆማለሁ» የሚለውንም ተዪው። ቅድመ ሁኔታ ካስቀመጥሽ መውጫሽን በእሱ እጅ ሰጥተሻል።

እኔ ብሆን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ጋሼ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ያልከኝን አስቤበታለሁ። አንተ እዚያ ሆነህ በየቀኑ የምታየውን እኔ አላየውም። በሌላው ነገር ሐሳባችን ይለያያል፤ እኔም በሐሳቤ እንዳለሁ ነኝ። ከእንግዲህ ግን በዚህ ጉዳይ ግሩፑ ላይ አልጽፍም። ባለፈው ሳምንት የወጣኝ ቃል ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ። አክብሮቴ እንዳለ ነው።»

ቃላቱን እንዳሉ መቅዳት የለብሽም። ውስጡ ያለውን ግን አትቀንሺ። የመጀመሪያው ክፍል እሱ ከተናገረው ውስጥ እውነት የሆነውን አንድ ነገር ያነሣል። የሌለ ነገር ፈልሰፊ አላልኩሽም። ሰውዬው ለወራት ሲጽፍ ከርሟል፤ አንድ እውነት አይጠፋበትም። ተመልሰሽ አንብቢና ፈልጊው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጁሊያ ሚንሰን እና ባልደረቦቿ እንዳዩት፣ የሌላውን ሐሳብ እንደሰማ በቃላት የሚያሳይ ሰው ከሌላው ወገንም ለዘብ ያለ መልስ ያገኛል። «ሰምቼሃለሁ» ብቻ ማለት ግን አይበቃም። የሰማሽውን ስም ጠርተሽ ማሳየት አለብሽ።

ሁለተኛው ክፍል ሐሳብሽን እንዳልቀየርሽ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ይህ ለራስሽ ያስፈልግሻል። ለሰላም ብለሽ የማታምኚበትን ከጻፍሽ ነገ ይቆጭሻል፤ ተመልሰሽም ትገቢያለሽ። ምክንያቱን ግን አትጨምሪ። «ምክንያቱም» ብለሽ የጀመርሽ ዕለት አዲስ ዙር ተከፈተ ማለት ነው።

ይቅርታው ለቃሉ ነው፤ ለሐሳቡ አይደለም። «የማይባል ነገር ተባባልን» ብለሻል። እሱም ብሏል፣ አንቺም ብለሻል። አንቺ የራስሽን ብቻ አንሺ። «አንተም ብለህኛል» ብለሽ አትጨምሪበት። እሱ ይቅርታ ባይጠይቅስ? ላይጠይቅ ይችላል። ያንን ቀድመሽ ተቀብለሽ ጻፊ። ቃሉ የተነገረው ግሩፑ ላይ ከሆነ ይቅርታውም እዚያው ይሁን። በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዘንድ አይጥምም።

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ቀን ከሁሉም ይከብዳል። ጋሼ ይመልሳል። ምናልባት ደህና ይመልሳል። ምናልባትም «መልስ ሲያጡ እንዲህ ነው የሚሸሹት» ይላል። ይህን ካሁኑ ጠብቂው። ዓረፍተ ነገሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ሲመጣ አዲስ አይሆንብሽም። ያ ነው እንዲናገረው የፈቀድሽለት የመጨረሻ ቃል። መልስ አይሰጠውም። «ጨርሻለሁ ብያለሁ እኮ» ማለትም መልስ ነው። የሳቅ ምልክት መጫንም መልስ ነው። የሚደግፍሽን ቪዲዮ በማግስቱ ያለ አስተያየት ግሩፑ ላይ መጣልም መልስ ነው፤ ሁሉም ለማን እንደተላከ ያውቃል። ስታተስ ላይ ስለ ድንቁርና ጥቅስ መለጠፍም እንደዚያው። እነዚህን ሁሉ አትንኪ።

ለዚህ ስልክሽ ያግዝሽ። ግሩፑን ድምፁን ዝጊውና ወደ አርካይቭ ክተቺው። በቴሌግራም ድምፁ የተዘጋ ግሩፕ አዲስ መልእክት ቢመጣም ከአርካይቭ አይወጣም፤ ስለዚህ ስልክሽን በከፈትሽ ቁጥር አይጋረጥብሽም። አንድ ነገር እወቂ። ቴሌግራም በትንንሽ ግሩፖች መልእክቱን ማን ማን እንዳነበበው ለጸሐፊው ያሳየዋል። የጋሼን መልስ ወዲያው ከፍተሽ አንብበሽ ዝም ካልሽ «አይታ ናቀችኝ» ሊል ይችላል። ጥቂት ቀን ሳትከፍቺው ቆዪ። ስትመለሺ ደግሞ የመጀመሪያው መልእክትሽ ስለ ሌላ ነገር ይሁን። የአያታችሁን ጤና ጠይቂ። አንድ የቆየ ፎቶ ለጥፊ። እዚያ እንዳለሽ ይታይ።

በዚህ መሀል በግል የሚጽፍልሽ ዘመድ አይጠፋም። «ልክ ልኩን ነገርሽው፣ ለምን አቆምሽ?» የሚል። እነዚህን ሰዎች በጥንቃቄ ያዣቸው። ራሳቸው ግሩፑ ላይ አንድ ቃል አይጽፉም፤ በአንቺ እጅ መከራከር ይፈልጋሉ። «ነገሩን ጨርሼዋለሁ፤ ልጆች እንዴት ናቸው?» ብለሽ እለፊው። ስለ ጋሼ በግል ለሌላ ሰው የጻፍሽው ነገር ስክሪንሾት ሆኖ እሱ ጋ ከደረሰ ከግሩፑ ክርክር የባሰ ነው።

አሁን ስልኩ። መልእክቱን ከላክሽ በኋላ ጥቂት ቀን ቆይተሽ፣ እሱ ጋ እሑድ ከሰዓት ሲሆን ደውዪለት። ለዕርቅ ብለሽ አትደውዪ፤ ስለ ክርክሩም አታንሺ። ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ አክስትሽ ጉልበት፣ ስለ ቤት ኪራዩ ጠይቂው። ድምፅሽን ይስማ። አንቺም ድምፁን ስሚ። ያ እጅሽን ይዞ ትምህርት ቤት የወሰደሽ ሰው በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም፤ ስልኩ ላይ ግን ይኖራል። ፖለቲካውን ራሱ ካነሣብሽ «ጋሼ፣ እሱን በአካል ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን» በይው። የምርሽን ከሆነ ጥሩ ተስፋ ነው። ካላነሳውም፣ ስለዚያ ሳያወራ ስልኩን ከዘጋ፣ ምንም አልጎደለም።

«አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ» የሚለው ቃል እንደጎዳሽ ይገባኛል። ውጭ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። አገር ቤት ያለው ደግሞ የሚያውቀው ሌላ ቃል አለ፤ «እናንተ ፈርታችሁ ነው» የሚል። ሁለቱም ቃላት ከመረጃ መለያየት ይመጣሉ። በጦርነቱ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ፕሪቶሪያው የኅዳር 2022 ስምምነት ድረስ፣ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በ2023 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ለአምስት ወር ገደማ ታግደው ነበር፤ ያለ ቪፒኤን (እገዳ ማለፊያ መተግበሪያ) አይከፈቱም ነበር። አንቺ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደልብሽ ታዪ ነበር። እሱ የሚያየው ሌላ ነበር። የሚደርሳችሁም ተመርጦ ነው። ተመራማሪው ዊልያም ብሬዲ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የትዊተር ጥናት፣ ሞራልንና ስሜትን አንድ ላይ የሚቀሰቅስ እያንዳንዱ ቃል የመልእክቱን መሰራጨት በ20 ከመቶ ያህል ጨምሮት ተገኝቷል። ለሁለታችሁም የሚደርሳችሁ የየጎራችሁ በጣም የተናደደው ሰው የጻፈው ነው። ሁለታችሁም ያንን ይዛችሁ ቤተሰብ መሀል ትገባላችሁ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ግን መዝለል አልችልም። ለዘመድ ብር የምትልኪ ከሆነ በክርክር መሀል ፈጽሞ እንዳታነሺው። «እኔ እየላክሁልህ» የሚል ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። የምትልኪውንም በክርክሩ ምክንያት አታዘግዪው፤ በወሩ ቀን ይድረስ። የዘገየው በባንክ ችግር ቢሆን እንኳ የሚነበበው እንደ ቅጣት ነው።

ውጭ ያለ ሰው የሚረሳው ሌላም ነገር አለ። አንቺ ግሩፑ ላይ የፈለግሽውን ጽፈሽ ትተኛለሽ። አገር ቤት ያለ ዘመድ ግን መልስ ሲሰጥሽ ሥራውን፣ ሰፈሩን፣ አለቃውን አስቦ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ደግሞ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር። ንዴት ውስጥ ያለ ሰው ይህን አያስብም። ጋሼን እየገፋሽ በቁጣ አንድ ነገር ብታስጽፊው፣ የዚያ ስክሪንሾት መዘዝ የሚተርፈው ለእሱ ነው። ዝም ያሉ ዘመዶችሽ ሁሉ ግድ የላቸውም ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ዝም ያሉት መጻፍ ስለማይችሉ ነው። ለማቆም ሌላ ምክንያት ባይኖርሽ ይህ ብቻ ይበቃ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። በግሩፑ ላይ አንድ ሕዝብ በነፍሳት ወይም በአውሬ ስም ከተጠራ፣ ወይም «ይጥፉ» ከተባለ፣ ዝም ብለሽ አትውጪ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ሲያሰራጭ ነው ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው። ደግሞ ቤተሰባችሁን አስቢ። በጋብቻ የገባች የወንድም ሚስት አለች፤ አባቷ ከዚያ ከሚሰደበው ወገን ይሆናል። ምንም አትጽፍም፤ ግን ታነባለች። ልጆቿም አንድ ቀን ያነባሉ። የእናንተ ሁሉ ዝምታ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አስቢ። እዚህ ላይ መከራከር አያስፈልግም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ይህ ቃል በእኛ ቤተሰብ ውስጥ እንዲነገር አልፈልግም፤ እባካችሁ አጥፉት።» ከዚያ በኋላ ማስረጃ መደርደር የለም፣ ታሪክ መጥቀስ የለም። ለእሷ ደግሞ በግል ጻፊላት። «ያንን ቃል አይቻለሁ፤ አዝኛለሁ፤ አልቀበለውም» በያት። ከጋሼ ጋር ካደረግሽው ክርክር ሁሉ ይህቺ መልእክት ትበልጣለች።

ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ከሆነ ግን ለብቻው ደውለሽ ንገሪው። በሰው ፊት ካስጠነቀቅሽው ቃሉን ለማጥፋት ክብሩ አይፈቅድለትም። ለብቻው ከነገርሽው ሊያጠፋው ይችላል።

ግሩፑን ጨርሰሽ የምትለቂበት ጊዜ አለ ወይ? አለ። ሳትጽፊም እንኳ ማንበቡ ብቻ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ልጆችሽ ላይ የምትጮኺ ከሆነ፣ ልቀቂው። ቴሌግራም መውጣትሽን ግሩፑ ላይ ሊያሳውቅ ይችላል። ዋትስአፕ ከ2022 ጀምሮ መውጣትሽን ለአድሚኖቹ ብቻ ነው የሚነግረው። ግን በድብቅ መውጣት ለቤተሰብ አይሆንም፤ ሰው ሲያውቅ የበለጠ ይከፋዋል። «ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ እያጠፋሁ ስለሆነ ከዚህ ግሩፕ ልወጣ ነው፤ በግል ጻፉልኝ፣ ደውሉልኝ» ብለሽ ውጪ። ለሁለት ለሦስት ታላላቆች ቀድመሽ ብትነግሪ ደግሞ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ግሩፑን ከሚያስተዳድረው ዘመድ ጋር ተነጋገሪ። ለፖለቲካ የሚፈልግ የሚገባበት ሌላ ግሩፕ ይከፈት፤ የአያት ግሩፕ ለአያት ይቅር። ሐሳቡን አንቺ ሳትሆኚ አንድ ትልቅ ሰው፣ ለምሳሌ አጎትሽ፣ ቢያቀርበው ይሰማል። አንቺ ካቀረብሽው ጋሼን ለማባረር ይመስላል።

አገር ጉዳይ አይገደኝም ማለት እንዳይመስልብሽ የምትፈሪ ከሆነ እንዲህ ልበልሽ። አገር ያገባሻል። የሞተ ሰው አለ፣ የተፈናቀለ ሰው አለ፤ የምትጽፊውም ስለሚያምሽ ነው። ግን በዚያ ግሩፕ ላይ በጻፍሽው ምክንያት ሐሳቡን የቀየረ አንድ ዘመድ ትዝ ይልሻል? ያንን ሰዓትና ያንን ስሜት ሥራ ላይ አውዪው። ለተፈናቀሉ የሚያሰባስቡ አሉ። በምትኖሪበት አካባቢ የሕዝብ ተወካይ ቢሮ አለ፤ ደብዳቤ ይቀበላል። በስምሽ የተሟላ ጽሑፍ ጽፈሽ ማሳተምም ትችያለሽ። ጋሼ ቢፈልግ ያነበዋል፤ ለእሱ የተወረወረ ግን አይሆንም።

እናትሽ ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት አንቺ ንገሪያት። ለጋሼ በደወልሽ ማግስት ደውዪላት። «እማዬ፣ ከጋሼ ጋር ግሩፑ ላይ ተነታርከን ነበር። አሁን አቁሜያለሁ፤ ደውዬለትም አውርተናል» በያት። ማን ምን እንዳለ አትዘርዝሪላት። የጋሼን ቃል አንብበሽ አታሰሚያት፤ የእህቷ ልጅ ነው። ደውላ እንድትቆጣልሽም አትጠይቂያት። እሷ ከደወለች አክስትሽ ትገባበታለች፣ ከአክስትሽ በኋላ አጎትሽ ይገባበታል፤ በሁለት ሰው መካከል ያለቀው ነገር በሁለት እህትማማቾች መካከል እንደ አዲስ ይጀምራል።